የጠፋው አራት ኪሎ

አራት ኪሎ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ሠፈር ነው፤ ሐውልት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ነው። እኔ ግን ከዚያች ሰሞን ወዲህ ስሙን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ በአንድ ወፍጮ ቤት ደብተር ላይ የጎደለ የጤፍ ሒሳብ ነው። ጤፉን ማን እንደወሰደው እስክደርስበት ድረስ አንድ ሰው እንጀራውን አጥቷል። ሌባውን እዚያ ቤት ያስገባሁት እኔው ራሴ መሆኔን ያወቅሁት ደግሞ ከሁሉም በኋላ ነው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሣ።

አክስቴ ኮተቤ ውስጥ ወፍጮ ቤት አላት። እኛ ልጆቹ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። ወፍጮዎቿ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለጤፍና ለስንዴ፣ ሌላው ለበርበሬና ለሽሮ። ከገጠር መጥቶ እሷ ዘንድ ስድስት ዓመት የሠራ አንድ ወጣት ነበራት። እህሉን የሚመዝነው እሱ ነው፤ የሚፈጨው እሱ ነው፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ኪሎውን ደብተር ላይ የሚጽፈውም እሱ ነው። ማታ ማታ ደብተሩንና ገንዘቡን አንድ ላይ ያስረክባል። እቴቴ ከእሱ በፊት በነበረው ሠራተኛ ክፉኛ ተጎድታ ስለነበር «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት ከአፏ አይጠፋም። ልጁን ትወደዋለች፤ ዓመት በዓል ሲሆን ልብስ ትገዛለታለች። ደብተሩን ግን ሁለት ጊዜ ሳትደምር አትተኛም።

አንድ ቀን አሮጌውን ሚዛን ጥላ አንድ ያገለገለ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ገዛች። «ና እስቲ እየው» ብላ ጠራችኝ። የእንጀራዬ ሥራ ኮምፒዩተር መጠገን ነውና ቤተ ዘመድ ቁልፍ ያለው ዕቃ በገዛ ቁጥር መጠራቴን ለምጄዋለሁ። ሚዛኑን አዟዙሬ ሳየው በጀርባው ዘጠኝ እሾህ ያለው መሰኪያ አገኘሁ። ያኔ ነው አፌን የከፈትሁት።

«እቴቴ፣ ይህ ሚዛን እኮ መናገር ይችላል።»

«ምን ብሎ?»

«የመዘነውን ሁሉ። ትንሽ ኮምፒዩተር አጠገብሽ አስቀምጥልሻለሁ። ልጁ ቁልፏን ሲጫን ኪሎው በራሱ ይመዘገባል። ማታ ከደብተሩ ጋር ማስተያየት ነው።»

ዓይኖቿ በሩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢን ትንሽ ላስቸግር። ሚዛኑ የሚናገርበት ቋንቋ አር.ኤስ 232 ይባላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ደንብ ነው። የቴሌግራፍ መጻፊያዎችን በስልክ መስመር ከሚልኩላቸው መሣሪያዎች ጋር ለማገናኘት ታስቦ ነበር የተበጀው። ፊደሉን በአንዲት ሽቦ ላይ አንድ በአንድ፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተራ በተራ ይልከዋል። ፊደል ሁሉ የአንድና የዜሮ ድርድር ነው። የደንቡ ጉድ አንድንና ዜሮን የሚገልጽበት መንገድ ነው። ሽቦው ላይ ያለው ቮልት ከ3 በላይ ወጥቶ እስከ 15 ቢደርስ ዜሮ ነው። ከዜሮ በታች ወርዶ ከነጌቲቭ 3 እስከ ነጌቲቭ 15 ቢሆን አንድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ምንም አይደለም፤ የማንም ያልሆነ መሬት ነው። ሚዛኑ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ሽቦውን በቴስተር ስለካው ከዜሮ በታች 9 ቮልት አነበብሁ። ዝም ሲል እንኳ ጮኾ ነው ዝም የሚለው።

እኔ የገዛኋት መዳፍ የምታህል ኮምፒዩተር ግን ሌላ ትውልድ ናት። እሷ ዘንድ ዜሮ ማለት ዜሮ ቮልት ነው፤ አንድ ማለት 3.3 ቮልት ነው። ይህ ከሁለት የባትሪ ድንጋይ ጥቂት ከፍ ያለ ጉልበት ነው። ድሮ ቺፖች ሁሉ በ5 ቮልት ይነጋገሩ ነበር። በውስጣቸው ያሉት ትራንዚስተሮች እያነሱ፣ እየቀጠኑ ሲሄዱ 5 ቮልቱን መሸከም አቃታቸው፤ ሙቀቱም በዛ፤ ስለዚህ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሹክሹክታ ልትሉት ትችላላችሁ። ከ3.3 ያለፈ ቮልት ከሰጧት ያቺ ኮምፒዩተር ትደነቁራለች፤ ከዜሮ በታች ሲሆን ደግሞ ይብስባታል። በዚያ ላይ አነጋገራቸው የተገላቢጦሽ ነው። የሚዛኑ አንድ ወደ ታች ነው፤ የእሷ አንድ ወደ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። ዕውቀትና ጥንቃቄ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማታ «እስቲ ለአንድ አፍታ» ብዬ ሚዛኑን በቀጥታ አገናኘሁት። ኮምፒዩተሯ ሞተች አልልም፤ ያቺ የምትሰማበት እግሯ ግን ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማችም። ሌላ ገዛሁ። ለእቴቴ አልነገርኋትም።

እንግዲህ በጯሂውና በሹክሹክተኛዋ መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የሙያው ሰዎች ሌቭል ሺፍተር ይሉታል። መርካቶ ወርጄ አስተርጓሚ ፍለጋ ያዝሁ። ለማያውቀው ሰው ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን እንደ ሰው ልዩ ልዩ ነው።

የመጀመሪያው ድሃው ነው፤ ሁለት ሬዚስተር ብቻ። አንዱ 1000 ኦም፣ ሌላው 2000 ኦም ይሁንና በተርታ ይገናኙ። ከላይ 5 ቮልት ቢገባ በመካከላቸው 3.3 ይወጣል። ዋጋው ከሻይ ያነሰ ነው፤ ለአጭር መንገድ፣ ከ5 ወደ 3.3 ለመውረድ ደህና አድርጎ ያገለግላል። ከዜሮ በታች ያለውን ግን ከዜሮ በታች እንደሆነ ያሳልፈዋል፤ የተገላበጠውንም አያቃናም። ስለዚህ ለሚዛኔ አልሆነም።

ሁለተኛው አንዲት ትራንዚስተርና ሁለት ሬዚስተር ናቸው። ይህን ብልሃት የፊሊፕስ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1997 ጽፈው አሠራጭተውታል። ዛሬ ጥፍር በምታህል ሰሌዳ ላይ አራት አራት እየሆነ ይሸጣል። ከ5 ወደ 3.3፣ ከ3.3 ወደ 5፣ በሁለቱም አቅጣጫ ያስተረጉማል። አንድ ጠባይ ግን አለው። ሽቦውን ወደ ዜሮ ሲያወርድ በትራንዚስተሩ ክንድ ጎትቶ ነው፤ ወደ ላይ ሲመልስ ግን ዝም ብሎ ይለቀዋል፤ ሽቦው በ10,000 ኦም ሬዚስተር በኩል ቀስ ብሎ ይነሣል። ላይ ያለውም ሽቦ የተንጠለጠለው በዚያችው ደካማ ክር ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ላሉ ጎረቤቶች ጥሩ ነው። ለሩቅ ሰው አይሆንም።

ሦስተኞቹ ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚሰማ ራሳቸው የሚገምቱ ቺፖች ናቸው። ብልጥ ናቸው። ረዥም ሽቦ ሲታሰርባቸው ግን ግምታቸው ይሳሳታል። ለነገሩ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ተናጋሪውና ሰሚው አስቀድሞ የታወቀ ነው። የታወቀን ነገር ለማስገመት ብልጥ መቅጠር ትርፉ ጣጣ ነው።

አራተኛው የአር.ኤስ 232ን ቋንቋ አሳምሮ የሚያውቀው ማክስ 232 ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሽማግሌ ቺፕ ነው። ባለ 5 ቮልት ምግብ ብቻ ይሰጡታል፤ እሱ በአራት ካፓሲተሮች፣ በገንቦ ውሃ ወደ ፎቅ እንደሚያመላልስ ሰው፣ ጉልበቱን እየቀዳ እያነባበረ ከላይ 10፣ ከታችም 10 ቮልት ያህል ያበጃል። የተገላበጠውንም ያቃናል። ታናሽ ወንድሙ ማክስ 3232 ደግሞ ከ3 እስከ 5.5 ቮልት ባለው ምግብ ይሠራል። ለእኔ ኮምፒዩተር ልኩ ይህኛው ነበር። በዚያን ቀን የገባሁባቸው ሱቆች ግን ታላቁን እንጂ ታናሹን አልያዙም። «ሳምንት ና» አሉኝ።

ሳምንት መቆየት ከበደኝ። እቴቴ በቀን ሁለት ጊዜ ትደውላለች። ስለዚህ ሁለት አስተርጓሚ ቀጠርሁ። ማክስ 232 የሚዛኑን ጩኸት ወደ 5 ቮልት ያወርዳል፤ ባለትራንዚስተሯ ሰሌዳ ደግሞ 5ቱን ወደ 3.3 ታወርዳለች። ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስሞክረው አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ደስ አለኝ። በየድሁት፤ በትንሽ ሳጥን አሸግሁት።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሚዛኑ በበሩ በኩል ነው፤ የእቴቴ ጠረጴዛ ከጓዳው በኩል ነው። በመካከላቸው ስድስት ሜትር ያህል አለ። የመብራት ማስገቢያው ከሚዛኑ አጠገብ ስለነበረ ሳጥኔን እዚያው ሰቀልሁት። ከዚያ በቀጭን የስልክ ሽቦ እስከ እቴቴ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ሽቦው እንዳይንጠለጠልና እንዳያስጠላ ብዬ በግድግዳው ላይ ከሚሄደው ከሞተሩ ወፍራም ገመድ ጋር አብሬ ጠፈርሁት። እንዴት ያምር ነበር!

ልጁን አስተማርሁት። እህሉ ሚዛኑ ላይ ሲረጋ ቁልፏን ይጫናል፤ አረንጓዴ መብራት ከበራ ተመዝግቧል፤ ቀይ ከበራ ይደግመዋል። ልጁ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ደብተሩንስ ልተው?» አለኝ።

«አይ፣ ጻፍ። ማታ ይተያያል።»

ገባው። ፊቱ ላይ አየሁት። ምንም አላለም።

የኮምፒዩተሯን ፕሮግራም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማታ ማታ አንዲት ወረቀት ታትማለች። እቴቴ የፈለገችው ጉድለት ማወቅ ነውና፣ ደብተሩ ከሚዛኑ ባነሰ ጊዜ ያንን መስመር አውጥቶ እንዲያሳይ አደረግሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ። እኔ በጊዜው ልብ አላልኋትም።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ወጣ። ደብተሩ 13 ኪሎ ይላል፤ ሚዛኑ 17 ይላል። አራት ኪሎ የለም። በማግሥቱ ሁለት መስመር ወጣ። አንዱ አሁንም 4፣ ሌላው 8። ሳምንቱ ሲያልቅ እቴቴ ወረቀቶቹን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ አሳየችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ስድስት ዓመት ሙሉ!» አለች። «ልጄ ስለው ስድስት ዓመት!»

«እስቲ ጠይቂው» አልሁ።

ጠየቀችው። እኔም ነበርሁ። ልጁ ዱቄት የነካው ቆቡን አውልቆ ወረቀቱን አየና «እትዬ፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍሁት» አለ። ደግማ ጠየቀችው። «ያየሁትን ነው የጻፍሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ያቺ ቀይ መብራት እኮ በቀን አራት አምስት ጊዜ ትበራለች፤ ነግሬዎት ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነግሮኝ ነበር። እኔም «ድገመው» ብዬው ነበር።

እቴቴ ወደ እኔ አየች። ከሚዛኑ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝና።

«ማሽን አይዋሽም» አልሁ።

እስከ ዛሬ ድረስ ይህችን ቃል መልሼ ብውጣት እወዳለሁ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። የወሩን ደመወዝ ቆጥራ ሰጠችው። ቆጥሮ ተቀበለ። አልተሳደበም፤ አልማለም።

አዲስ ሠራተኛ እስኪገኝ እቴቴ ራሷ ሚዛኑ ላይ ቆመች። ሳምንት አልሞላትም፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ና» አለችኝ።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«እኔም ሌባ ነኝ።»

ሄድሁ። ደብተሩ በራሷ እጅ ጽሕፈት 13 ይላል። ወረቀቱ 17 ይላል። መዛኟም ጸሐፊዋም ገንዘብ ተቀባይዋም እሷ ናት። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ «በል እንግዲህ፣ ማሽን አይዋሽም ብለኸኛል» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሌሊቱን እዚያው አደርሁ። በመጀመሪያ ፕሮግራሙን ጉድለቱን ብቻ ሳይሆን ልዩነቱን ሁሉ እንዲያትም አደረግሁት። ልጁ በነበረባቸው ቀናት መዝገቡና ደብተሩ የተለያዩባቸው መስመሮች 41 ሆኑ። በ22ቱ ደብተሩ ያንሳል። በ19ኙ ደግሞ ደብተሩ ይበልጣል! ልጁ ሌባ ከሆነ በ19 መስመር ላይ ከራሱ ኪስ እየሰረቀ ለእቴቴ ሲሰጥ ኖሯል ማለት ነው። እነዚያን 19 መስመሮች እኛ አላየናቸውም፤ እንዲታዩ አልጠየቅንምና። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከርመናል።

ቀጥዬ ልዩነቶቹን አየሁ። 4፣ 8፣ 2፣ 4፣ 1፣ 8፣ 20፣ 4፣ 40። 3 የለም፤ 5 የለም፤ 7 የለም፤ 30ም የለም። ሌባ ሲሰርቅ እንዲህ አይመርጥም። ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ግን 1፣ 2፣ 4፣ 8ን ሲያይ መደንገጥ አለበት። ዘግይቼም ቢሆን ደነገጥሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁጥር 3 በሽቦው ላይ ሲሄድ 0011 0011 ሆኖ ነው። ቁጥር 7 ደግሞ 0011 0111 ነው። ደጋግማችሁ እዩአቸው፤ የሚለዩት በአንዲት ዜሮ ነው። ያቺ ዜሮ በመንገድ ላይ ወደ አንድ ከተለወጠች 13 ኪሎ 17 ይሆናል። 1 እና 9ም እንዲሁ በአንዲት ይለያሉ፤ ልዩነታቸው 8 ነው። 0 እና 2ም እንደዚያው። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ አራት ላይ ካረፈ ግን የሚደርሰው ቁጥር ሳይሆን ሌላ ምልክት ነው። ፕሮግራሜ ያንን ጥሎ ቀይ መብራት ያበራል። ልጁ የነገረኝ ቀይ መብራት ይህ ነበር። በአንድ ደጅ ቆሻሻው ሲጣል እያየሁ፣ በሌላው ደጅ ቁጥር መስሎ የሚገባውን አልጠረጠርሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኔ ነበር።

ታዲያ ያቺን ዜሮ ማን ለወጣት? ሲነጋ አንድ ኬሻ ጤፍ 13 ኪሎ አድርጌ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥሁ። ሞተሮቹ ሁሉ ጠፍተው መቶ ጊዜ ቁልፏን ተጫንሁ። መቶ ጊዜ 13። ከዚያ የበርበሬውን ወፍጮ እያስነሣሁ እያጠፋሁ መቶ ጊዜ ተጫንሁ። ሰባት ጊዜ ተሳሳተ። እቴቴ አጠገቤ ቆማ ታያለች። ልጁ ሥራ ሲበዛበት በአንድ እጁ ቁልፏን፣ በሌላ እጁ የሞተሩን ማስነሻ ይጫን እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለን። ቀልጣፋ ነበር። ቅልጥፍናው ነው ያስከሰሰው።

ሚዛኑ በሰከንድ 9600 ምልክት ይልካል። አንዷ ምልክት ሽቦው ላይ የምትቆየው የአንድ ሺኛ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ሞተሩ ሲነሣ በማስነሻው ላይ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ያችን የመሰለች ቅጽበት ለመዋጥ ከበቂ በላይ ነው። ብልጭታው ሲነሣ በወፍራሙ ገመድ ውስጥ ያለው ኃይል ይንቀጠቀጣል፤ አብሮት በታሰረው ቀጭን ሽቦ ላይም ጥላውን ይጥላል። በዚያ ሽቦ ላይ ደግሞ ምን አለ? ሹክሹክታ ነው ያለው። 3.3 ቮልት፣ በ10,000 ኦም ክር የተንጠለጠለ።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። የአስተርጓሚው ዓይነት ያሳሰበኝን ያህል አስተርጓሚው የት ይቁም የሚለው አላሳሰበኝም። አር.ኤስ 232 የሚጮኸው ባለጌ ሆኖ አይደለም። የድሮ ሰዎች ሽቦው ረዥም እንደሆነ፣ በመንገዱ ላይ ሁካታ እንዳለ ዐውቀው ነው ድምፁን ከፍ ያደረጉት። ከላይ 9፣ ከታች 9 ሆኖ በመካከሉ 18 ቮልት ልዩነት ሲኖር፣ ጥቂት ቮልት ብልጭታ ቢያርፍበት አንዱ ወደ ዜሮ አይለወጥም። በዚያ ላይ ያ የማንም ያልሆነ መሬት በመካከል አለ። እኔ ግን ጯሂውን ገና ከቤቱ ሳይወጣ ድምፁን ቀንሼ፣ ስድስቱን ሜትር በሁካታ መካከል በሹክሹክታ እንዲሄድ ፈረድሁበት። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው። መንገዱን ጮኾ ይጨርስ፤ አስተርጓሚው ከሰሚዋ ጆሮ አጠገብ ይቁም።

በሳምንቱ ማክስ 3232 ተገኘ። ሳምንት ብቆይ ኖሮ የሚገኝ ነበር። እዚያው እቴቴ ጠረጴዛ ላይ፣ ከኮምፒዩተሯ አራት ጣት ርቀት አቆምሁት። ከሚዛኑ እስከ እሱ የሚመጣው ሽቦ ዙሪያውን በብረት መረብ የተሸፈነ ኬብል ሆነ፤ ከሞተሩ ገመድም ከክንድ በላይ ራቀ። በሚዛኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ከእያንዳንዱ ፊደል ጋር አንዲት የማረጋገጫ ምልክት እንዲልክ አዘዝሁት። የአንዶቹ ብዛት ሁልጊዜ ሙሉ ለሙሉ በሁለት የሚካፈል እንዲሆን የምታደርግ ምልክት ናት፤ አንዲት ዜሮ ከተለወጠች ወዲያው ይታወቃል። በመጨረሻም ፕሮግራሙ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት ቁጥር ካልሰማ እንዳይመዘግብ አደረግሁ። ሞተሩን እያስነሣሁ አምስት መቶ ጊዜ ሞከርሁ። አምስት መቶ ጊዜ 13።

«አሁን ተሠራ?» አለች እቴቴ።

«ተሠራ።»

«ልጁስ?»

ልጁን ያገኘነው ሾላ አካባቢ ሌላ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። እቴቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ኪሎ ቡና ይዛ ነበር የሄደችው። በሩ ላይ ስታየው ንግግር አልወጣትም። ጉልበቱን ልትስም ስታጎነብስ ይዞ ከለከላት። «ኧረ እትዬ፣ በመድኃኔ ዓለም!» አለ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ቆሜ አየሁ።

ተራዬ ሲደርስ «ሽቦው ነው ያሳሳተን» አልሁት። ወዲያው አፈርሁና «ሽቦውን የዘረጋሁት ግን እኔ ነኝ። አንተ ስለ ቀዩ መብራት ስትነግረኝም አልሰማሁህም» አልሁ።

ዝም አለ። ከዚያ «እንዴት አድርጎ ነው 13 ብሎ ሲልክ 17 የሚሆነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ነበር። በጣቴ 0011 0011 ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩ 0011 0111። ጎንበስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ አየው። ዜሮዋን አገኛት። ጣቱን አስቀመጠባት።

«ይህችው ናት?»

«ይህችው ናት።»

«አንዷ ብቻ?»

«አንዷ ብቻ።»

ዱቄቱን በመዳፉ ጠረገውና ወደ ሥራው ተመለሰ። በዚያን ቀን እመለሳለሁ አላለም። አዲሱ አሠሪው ምንም ክፉ አላደረጉትም፤ ጥሎ መሄድ አይገባም አለ። የተመለሰው ከፋሲካ በኋላ፣ ለእሳቸው ምትክ ሰው ካገኘላቸው በኋላ ነው። ሲመለስም አንድ ነገር ጠይቆ ነው። ማታ የሚታተመው ወረቀት ላይ የጎደለው ብቻ ሳይሆን የተረፈውም ይውጣ፤ እሱም ከእቴቴ እኩል ይየው። እኔ ከዚያ በፊት አስተካክዬው ነበር። ሆኖም «እሺ» አልሁት እንጂ «አስተካክዬዋለሁ» አላልሁትም። እሱ ጠይቆ የተደረገ ቢሆን ይሻላል።

እቴቴ አሁንም ደብተሩን ሁለት ጊዜ ትደምራለች። ጠባይ ነው። ብቻዋን ግን አይደለም፤ ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ ያነብላታል።

ባለፈው ወር አንድ ማታ ስልኬ ላይ ደወለ። ደብተሩ 16 ይላል፤ መዝገቡ 15 ይላል፤ ልዩነቱ አንድ ነው። ልቤ ደነገጠ። ሽቦው ነው ወይስ ቺፑ እያልሁ ጫማዬን መፈለግ ጀመርሁ።

«አይምጡ ጋሼ» አለኝ። «ሴትዮዋ ዘንድ ሄጄ አረጋግጫለሁ። ይህችኛዋ የኔ ናት።»